እናትሽን ማን ጠየቃት?

ይድረስ ለእትዬ፣

ዕድሜዬ 19 ነው፤ ተወልጄ ያደግሁት ኮልፌ ነው። ዓምና ጅማ ዩኒቨርሲቲ ደርሶኝ ፍሬሽማን ጨረስኩ፤ አሁን ደግሞ ሕክምና ደርሶኛል። ሰፈሩ ሁሉ እልል አለ። ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖረው አጎቴ ግን «ጅማን ተዪው፤ አዲስ አበባ የግል ኮሌጅ ግቢ፣ ክፍያው በእኔ ነው። ወደፊት አሜሪካ ለመምጣትም እሱ ይሻልሻል» አለኝ። እናቴ የስኳር ሕመምተኛ ናት፤ ኢንሱሊን ትወጋለች። አባቴ ካረፈ አራት ዓመቱ ነው፤ ከእሷ ጋር ያለው የ14 ዓመት ወንድሜ ብቻ ነው። አክስቶቼ «ሐኪም ለመሆን እናትሽን ጥለሽ ትሄጃለሽ?» ይሉኛል። ምዝገባው ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ጓደኞቼ እዚያው ጅማ ናቸው፤ ጅማንም ወድጄዋለሁ። ምን ይመክሩኛል?

ግራ የገባት፣ ከኮልፌ

ሳልረሳው፦ ነጭ ጋውን ከአሁኑ ልግዛ ወይስ እዚያው ይገኛል?

ልጄ፣

ደብዳቤሽን ሦስቴ አነበብኩት። አጎትሽ ተናግረዋል፣ አክስቶችሽ ተናግረዋል፣ ሰፈሩ እልል ብሏል። እናትሽ ግን አንዲት ቃል አልተነፈሱም። ደግሞ «ጅማንም ወድጄዋለሁ» ያልሽው መጨረሻ ላይ፣ ከጓደኞችሽ ጋር አዳብለሽ፣ እንደ ጥፋት ደብቀሽ ነው። ሁለቱንም አስተውያለሁ፤ እመለስባቸዋለሁ።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ግን ነርስ ነበርኩ፤ የሕክምና ተማሪ ሲያድግም ሲደናበርም አይቻለሁ። የመጀመሪያዎቹን ዓመታት አናቶሚውንም ፊዚዮሎጂውንም በመጽሐፍና በእንቅልፍ እጦት ትወጪዋለሽ። ሲ-ዋን፣ ማለትም የመጀመሪያው የሆስፒታል ልምምድ ዓመት ላይ ስትደርሺ ነው ጉዱ፤ መጽሐፉ ሰው ሆኖ አልጋ ላይ ተኝቶ ይጠብቅሻል። አንድ በሽተኛ በሃያ ተማሪ ተከብቦ የሚደረግ ራውንድ አውቃለሁ። ፊት የቆመው ሆድ ይዳስሳል፤ ከኋላ ያለችው ልጅ በሰው ትከሻ ላይ ደብተሯን አስደግፋ «ጉበቱ አብጧል» ብላ ትጽፋለች። እጇ ግን ያበጠ ጉበት ነክቶ አያውቅም። እንዲህ ያለችው ልጅ ኢንተርን ሆና የሌሊት ዲዩቲ ስትገባ አይቻለሁ፤ እንባዋንም ጠርጌያለሁ።

ስለዚህ ዩኒቨርሲቲ መረጥኩ ስትዪ የምትመርጪው ሆስፒታል ነው። በዚህ ጅማ አይታማም፤ መውደድሽም ጥፋት አይደለም። ሆስፒታሉ ወደ 800 አልጋ አለው፤ ከኢሉባቦር በይ ከከፋ፣ በደቡብ ምዕራቡ ሪፈር የተጻፈለት በሽተኛ የሚመጣው እሱ ዘንድ ነው። በ1970ዎቹ አጋማሽ የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ሆኖ ከተቋቋመበት ጊዜ ጀምሮም ተማሪውን ከግቢ አውጥቶ ማኅበረሰቡ ውስጥ ማስተማር መለያው ነው። ሲቢቲፒ (የማኅበረሰብ ሥልጠና)፣ ቲቲፒ (የቡድን ሥልጠና) ሲሉ ሰምተሽ ይሆናል። ቤት ለቤት እየዞርሽ ስለ ውኃና ስለ መጸዳጃ ስትጠይቂ «ለዚህ ነው የተማርኩት?» ማለትሽ አይቀርም። ይልቅ ጥሩ ጃንጥላ ያዢ፤ የጅማን ዝናብ ከዓምናው ታውቂዋለሽ።

የግሉን ልነቅፍ አይደለም። የኮሪያ ሆስፒታል እንደምንለው የራሱ ሆስፒታል ያለው የግል ኮሌጅ አለ፤ ተማሪዎቹን ለልምምድ መንግሥት ሆስፒታል የሚልክም አለ። አጎትሽ ያሰቡት ሁለተኛው ዓይነት ከሆነ፣ ያንኑ አልጋ ከመንግሥት ተማሪ ጋር ስትጋፊ ትኖሪያለሽ፤ ልዩነቱ አንቺ ከፍለሽ መጋፋትሽ ነው። ይህን ሬጅስትራር አይነግርሽም። የኮሌጁን ኢንተርኖች ሻይ ቤት ጠብቂና «በእጃችሁ ስንት ምጥ አዋለዳችሁ? ስፔሻሊስቱ ራውንድ ይገባል ወይስ ሬዚደንት ይልካል?» ብለሽ ጠይቂ። የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን የእውቅና ፈቃድ የሚሰጠው ለእያንዳንዱ ፕሮግራምና ካምፓስ ለየብቻ ነው፤ ለነርሲንግ ፈቃድ ያለው ኮሌጅ ለሕክምናም አለው ማለት አይደለም። ወረቀቱን ዓይንሽ ይየው።

የአሜሪካው ነገር ላይ አጎትሽ ከልባቸው ነው የተናገሩት፣ ግን ተሳስተዋል። እዚያ ሬዚደንሲ፣ ማለትም የስፔሻሊቲ ሥልጠና ለመግባት ከአሜሪካ ውጭ ለተማሩ ሐኪሞች የሚሰጠው የኢሲኤፍኤምጂ ሰርተፊኬት ያስፈልጋል። ለዚያ ደግሞ የተማርሽበት ትምህርት ቤት በዓለም የሕክምና ትምህርት ቤቶች ማውጫ ላይ ተመዝግቦ መስፈርቱን ማሟላቱ ይታያል። ጅማ ማውጫው ላይ አለ፤ የግሉን ራስሽ ፈልጊው። ከዚያ በኋላ ያለው ዩኤስኤምኤልኢ የሚባለው የአሜሪካ የሐኪምነት ፈቃድ ፈተና ነው፤ ፈተናው ክፍያ የተከፈለበት ቦታ ተማርሽ ብሎ ነጥብ አይጨምርልሽም። አገርሽ ብትቀሪም ከየትኛውም ብትመረቂ የጤና ሚኒስቴር የሙያ ፈቃድ ምዘና ይጠብቅሻል።

ገንዘቡንም አስቢበት። አጎትሽ እስከ መጨረሻው ሊከፍሉ ነው? በአራተኛው ዓመት ሥራ ቢያጡ፣ ቢታመሙስ? የሐኪም ደመወዝ ምን እንደሚመስል በ2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች ጥያቄ ሲያነሱ ሰምተሻል፤ በዚያ ደመወዝ የዘመድ ውለታ አይመለስም። እንቢ ስትያቸው ግን በአክብሮት ይሁን። «ጋሼ፣ ለኮሌጅ ከምትከፍለው ሩቡን ለእማዬ መድኃኒትና ለስኳር መለኪያዋ ብታደርግልኝ» በያቸው። ደስ የሚላቸው ይመስለኛል።

አሁን ወደ እናትሽ። እሑድ፣ አክስቶችሽ በሌሉበት፣ ቡና አፍልተሽ አጠገባቸው ተቀመጪ። «ልሂድ ወይ?» ብለሽ እንዳትጠይቂ፤ እናት ናቸው፣ «ሂጂ» ይሉሻል፣ ያ መልስ አይደለም። «እማዬ፣ እኔ ሳልኖር ሌሊት የሚያስፈራሽ ምንድን ነው?» በያቸው። ስኳራቸው ሌሊት ሌሊት እየወረደ ራሳቸውን የሚስቱ ከሆነ፣ ወይም ኩላሊትና ዓይናቸው ከተነካ፣ ያልኩት ሁሉ ይቀየራል፤ ያን ጊዜ የግሉን በደንብ አጣርተሽ አዲስ አበባ መቅረት ነውር የለውም። ሕመሙ የተያዘ ከሆነና ክትትላቸውን የማያቋርጡ ከሆነ ግን የሚፈልጉት የሰለጠነ ሰው ነው፤ ይህን በሦስት ሳምንት ማድረግ ይቻላል። ወንድምሽን አስተምሪው፦ ላብ ካጠመቃቸው፣ ከተንቀጠቀጡ፣ ንግግራቸው ከተዘበራረቀ ቶሎ ስኳር የተበጠበጠበት ውኃ ይስጣቸው። ራሳቸውን ከሳቱ አፋቸው ውስጥ ምንም አይጨምር፤ ጎረቤት ጠርቶ ወደ ጤና ተቋም ይሮጥ። የጎረቤት ስልክ ግድግዳው ላይ በትልቁ ጻፊለት። አክስቶችሽም እናትሽ እንዲህ ካሳሰቧቸው ሳምንቱን ይከፋፈሉት፤ ማን ማክሰኞ፣ ማን ዓርብ እንደሚመጣ አንቺው ጠይቂያቸው።

ጋውኑን ከመርካቶ ግዢው፣ ሁለት አድርጊው። አንዱ ለአናቶሚ ብቻ ይሁን፤ የፎርማሊን ሽታ አንዴ ከገባበት በሳሙና ብዛት አይለቅም፣ እሱን ለብሰሽ በሽተኛ ዘንድ እንዳትቀርቢ።