የፕሮስቴት ካንሰር ሕክምና ላይ ላሉ፦ ስፖርት ከመጀመርዎ በፊት ማወቅ ያለብዎ

በኢሉባቦር፣ መቱም ይሁን ጎሬ፣ ቡሬም ይሁን ያዮ፣ አባወራ ሲታመም ቤተሰቡ መጀመሪያ የሚያደርገው ከሥራ ማሳረፍ ነው። ቡናውን ልጆች ይለቅማሉ፣ ገበያውን ሌላ ሰው ይወጣል፤ «አባባ፣ እርስዎ አረፍ ይበሉ» ይባላል። ከፍቅር የመጣ ነው። የፕሮስቴት ካንሰር ሕክምና ላይ ላለ ሰው ግን ወር ከወር መቀመጥ ራሱ ጉዳት አለው።

ምክንያቱ ሕክምናው ውስጥ ነው። ካንሰሩ የሚያድገው በወንድ ሆርሞን ስለሆነ ሐኪሞች ሆርሞኑን በመርፌ ወይም የዘር ፍሬን በቀዶ ሕክምና በማውጣት በእጅጉ ይቀንሱታል። ያው ሆርሞን ደግሞ ጡንቻንና አጥንትን የሚያጠነክር ነበር። ስለዚህ ከጥቂት ወራት በኋላ ጭን ይሳሳል፣ ሆድ ይገፋል፣ አጥንት ይደክማል፣ ስኳር ሊጨምር ይችላል፣ ድካሙንም እንቅልፍ አይፈታውም። በ2003 እ.ኤ.አ. የታተመ የካናዳ ጥናት ይህን ሕክምና የሚወስዱ 155 ወንዶችን ተከታትሎ ነበር። በሳምንት ሦስት ቀን ለ12 ሳምንት የጡንቻ ማጠንከሪያ ስፖርት የሠሩት ካልሠሩት ይልቅ ድካማቸው ቀንሶ፣ ጉልበታቸውም ጨምሮ ተገኝቷል። ስለዚህ ስፖርቱን ከመድኃኒትዎ ጋር አብረው ይቁጠሩት። ነገር ግን ከመነሳትዎ በፊት የሚጠየቁ ነገሮች አሉ።

ካንሰሩ አጥንት ገብቷል?

ከሁሉ በፊት ይህን ይጠይቁ። አገራችን ውስጥ ብዙ ወንዶች ሐኪም ዘንድ የሚደርሱት ዘግይተው ነው፤ ይህ ካንሰር ደግሞ ሲዛመት የሚወደው የጀርባ አጥንትን፣ ዳሌንና ጭንን ነው። መቱ ካርል ሆስፒታል ለክትትል ሲሄዱ «አጥንቴ ላይ አለ ወይ? የትኛው ቦታ?» ብለው በግልጽ ይጠይቁ። ሐኪሙ ካላነሳው እርስዎ ያንሱት፤ ማፈር አያስፈልግም።

አጥንት ገብቷል ማለት ከእንቅስቃሴ ተከለከሉ ማለት አይደለም። የተነካው ቦታ ጫና እንዳይበዛበት መጠንቀቅ ነው። የቡና ጆንያ መሸከም፣ ጎንበስ ብሎ ከባድ ነገር ማንሳት፣ ወገብን መጠምዘዝ፣ መዝለል ይቅር። በሜዳ መራመድና ወንበር ላይ ተቀምጦ መሥራት ብዙ ጊዜ ይፈቀዳል፤ ልኩን ግን ሐኪምዎ ይንገርዎ።

አዲስ የጀርባ ሕመም ከመጣ፣ እግር ከዛለ ወይም ከደነዘዘ፣ ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ካቃተ ጠዋት እስኪሆን አይጠብቁ። የጀርባ ነርቭ ተጨቁኖ ሊሆን ይችላል፤ ሰዓታት ሲባክኑ እግር ሽባ ሆኖ ሊቀር ይችላል። በዚያው ሌሊት ሆስፒታል ይሂዱ።

የወሰዱት ሕክምና የትኛው ነው?

ፕሮስቴቱ በቀዶ ሕክምና ከወጣ፣ ለስድስት ሳምንት ያህል ከባድ ነገር አያንሱ፤ በቅሎና ሞተር ብስክሌት ላይም አይውጡ። በቀዶ ሕክምናው ጊዜ የገባው የሽንት ቱቦ ከተነሳ በኋላ ሽንት የሚይዘውን ጡንቻ አምስት ሰከንድ ያህል ጠበቅ፣ ከዚያ ላላ እያደረጉ በቀን ብዙ ጊዜ ያሠሩት። ለሽንት ማምለጥ የሚረዳ ልምምድ ነው፣ ማንም ሳያውቅ ይሠራል።

ለጨረር ጅማ ወይም አዲስ አበባ ሄደው ዘመድ ቤት የሰነበቱ እንደሆነ፣ ድካሙ ወደ ሕክምናው መጨረሻ ሊብስ ይችላል። ያን ጊዜ መንገዱን ያሳጥሩት እንጂ አይተዉት። ደም ማነስ እንዳለብዎ፣ ግፊትና ስኳርዎ ስንት እንደሆነ አስቀድመው ያስለኩ። ደረት ላይ ሕመም ወይም ማዞር ከመጣ ወዲያው ያቁሙ።

የእርሻ ሥራ አይበቃም ወይ?

በከፊል ይበቃል። ገበያ ድረስ በእግር መሄድ ይቆጠራል። ቡና ሲደርስ ግን ሥራው ቀኑን ሙሉ ያደክማል፤ ወቅቱ ሲያልፍ ደግሞ ሰው ይቀመጣል። ሰውነት የሚጠቀመው ልኩ ከታወቀና ከማይቋረጥ ነገር ነው፦ በሳምንት ሦስት ቀን ለ30 ደቂቃ ያህል መራመድ። እያወሩ መሄድ ከቻሉ፣ መዝፈን ግን ትንፋሽ ካሳጣዎ፣ ልኩ ያ ነው። ከዚህ ሌላ በሳምንት ሁለት ቀን ከወንበር ብድግ ቁጭ ማለት፣ ግድግዳን በእጅ መግፋት፣ አጥንትዎ ካልተነካም ውኃ የያዘች ትንሽ ጀሪካን ማንሳት፤ እያንዳንዱን ከ8 እስከ 15 ጊዜ፣ አርፎ እንደገና።

በዝናቡ ወራትስ?

ኢሉባቦር አብዛኛውን ዓመት ይዘንባል፣ ቀይ አፈሩ ያንሸራትታል። ሆርሞኑ የቀነሰበት ሰው ከወደቀ ዳሌው በቀላሉ ሊሰበር ይችላል። የሚይዝ ጫማ ያድርጉ፣ ዱላ ይያዙ፤ ጭቃው ከባሰ በረንዳ ላይ ወዲያ ወዲህ ይበሉ።

ጾም ላይ ከሆኑ

ጡንቻ ያለ ፕሮቲን አይገነባም። በጾም ወቅት ሽሮ፣ ምስርና ባቄላ ከማዕድዎ አይጥፉ። ስፖርቱን የሆድ ባዶነት ከበረታበት ሰዓት ያርቁት፤ ለምግቡ ቅርብ ያድርጉት። ሐኪምዎ ጾሙን እንዲያላሉ ከመከረዎ ለንስሐ አባትዎ ወይም ለሼሁ ይንገሩ፤ ለታመመ ሰው ፈቃድ አለ።

የመጀመሪያው ሳምንት አሥር ደቂቃ በቂ ነው። አንድ ልጅ ወይም ጎረቤት አብሮዎት ይሂድ። የተራመዱበትን ቀንና የሚያምዎትን ቦታ ጽፈው ለቀጣዩ ቀጠሮ ይዘው ይሂዱ።