ከቡድኑ የወጣ ሰውና እንጀራው

እ.ኤ.አ. በ2023 በኬንያ፣ በሻካሆላ ጫካ ስለተገኙት መቃብሮች ሰምታችኋል። ከ400 በላይ አስከሬን ወጣ። ሰባኪው ፖል ማኬንዚ ዘመናዊ ትምህርትንና ሕክምናን ያወግዝ ነበር፤ መታወቂያና የትምህርት ማስረጃቸውን ያጠፉ ተከታዮች እንደነበሩም ተነግሯል። ከሞት የተረፈውስ በየትኛው ወረቀት ይቀጠር?

እንዲህ ያለው ቡድን የግድ ጫካ አይሻም። በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ አንድ ወጣት ትምህርቱን ትቶ፣ ከዘመድና ከዕድር ተቆራርጦ ዓመታቱን ለቡድን ሰጥቶ ቢወጣ፣ መጀመሪያ የሚቸግረው የትምህርተ ሃይማኖት ጥያቄ አይደለም። ቀጣሪው የሥራ ልምድ ይጠይቀዋል፤ ቀጥሎም ተያዥ አምጣ ይለዋል። ዘመዶቹን ሁሉ የራቀ ሰው ተያዥ ከወዴት ያመጣል?

ባዶ የሚመስሉት ዓመታት ግን ፈጽሞ ባዶ አይደሉም። በቡድኑ ውስጥ ግንብ የገነባ፣ ለብዙ ሰው ያበሰለ፣ ሒሳብ የያዘ ሙያ አለው። የሙያ ብቃት ምዘና፣ ሰዎች ሲኦሲ የሚሉት፣ በሥራ ላይ የተገኘን ችሎታም ይመዝናል። የጠፋ የትምህርት ማስረጃም በምትክ ይጠየቃል።

ነቀፌታውን ለሌሎች ብቻ አንተው። በ1983 እ.ኤ.አ. የወጣው የላቲን ሥርዓት ሕገ ቀኖና፣ በቁጥር 702፣ ከገዳማዊ ማኅበር የወጣ ሰው ስለ ሠራው ሥራ ክፍያ መጠየቅ እንደማይችል ይደነግጋል፤ ማኅበሩ ግን በርትዕና በወንጌላዊ ፍቅር እንዲያየው ያዛል። ይህች ሁለተኛዋ ቃል፣ በእኛ አስተያየት፣ ቶሎ ትረሳለች።

እንዲህ ያለ ሰው ወደ ቁምስናችን ቢመጣ ስለ እምነቱ ከመጠየቃችን በፊት ተያዥ የሚሆነው ሰው እንፈልግለት። ኋላ ለቅዳሴ ባይመጣም የተፈረመለት ፊርማ አይነሣበት።