በአሜሪካ ሥራ ለሚፈልግ ወጣት፦ ስምን ማስተካከል፣ ሙያን ማሳየት

በአሜሪካ የሥራ ገበያ ቀጣሪ ከሰውየው በፊት የሚያገኘው ወረቀቱን ነው፦ ሬዙሜውን፣ የሊንክድኢን ገጹን፣ የትምህርት ማስረጃውን። ፐርሰናል ብራንድ የሚባለው በነዚህ የሚታየው ማንነት ነው። ከአገር ቤት የመጣ ወጣት አስቀድሞ ማረጋገጥ ያለበት ሁሉም ስለ አንድ ሰው የሚናገሩ መሆናቸውን ነው።

ትልቁ ጣጣ ስም ላይ ይነሣል። የቤተሰብ ስም በሚጠየቅበት ቦታ አንዱ ሰነድ የአባትን፣ ሌላው የአያትን ስም ይይዛል፤ በላቲን ፊደል ሲጻፍም ፓስፖርቱና ዲግሪው ላይስማሙ ይችላሉ። ቀጣሪው የትምህርትና የሥራ ታሪክ ሲያስጣራ እንዲህ ያለው ልዩነት ጉዳዩን ያጓትታል። በግሪን ካርዱ ወይም በሥራ ፈቃዱ ላይ የሰፈረውን አጻጻፍ በሬዙሜውም፣ በሊንክድኢኑም፣ በኢሜይሉም መያዝ ይበጃል። ዘመኑም እንደዚያው ነው፤ በሐምሌ 2012 ዓ.ም. የተመረቀ ሰው ሬዙሜው ላይ 2020 ብሎ መጻፍ አለበት።

የኢትዮጵያ ዲግሪ በአሜሪካ ከምን እንደሚስተካከል የሚመሰክሩ የግል ገምጋሚ ድርጅቶች አሉ፤ በ1974 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው ደብሊው ኢ ኤስ አንዱ ነው። ትራንስክሪፕት ከዩኒቨርሲቲው በቀጥታ እንዲላክ መጠየቁ የተለመደ ስለሆነ ከአገር ሳይወጡ መንገዱን ማመቻቸት ብዙ ድካም ያስቀራል። ነርስነትን የመሰለ ሙያ ግን ከግምገማው በላይ የግዛቱን ፈቃድ ይጠይቃል።

ሬዙሜ ለጀማሪ አንድ ገጽ ይበቃዋል። አገር ቤት ሲቪ ላይ የተለመዱት ፎቶ፣ ዕድሜ፣ የጋብቻ ሁኔታና ሃይማኖት እዚህ አይገቡም። የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ በዘር፣ በቀለም፣ በሃይማኖት፣ በጾታና በትውልድ አገር ማዳላትን ስለሚከለክል ቀጣሪዎች እንዲህ ያለውን መረጃ ባያዩት ይመርጣሉ።

ብዙ ወጣቶች ለኑሮ ብለው የያዙትን ሥራ ከሬዙሜያቸው ይሰርዛሉ። ይህ ጉዳት ነው፤ ቀጣሪ የሚያየው ባዶ ዓመት ይሆናል። በዋሽንግተን የመኪና ማቆሚያ ውስጥ የሠራ የአካውንቲንግ ምሩቅ ገንዘብ ተረክቦ ሒሳብ ዘግቷል፣ የተቆጣ ደንበኛ አረጋግቷል፣ አዲስ ሠራተኛ አሠልጥኗል። እነዚህ በቁጥር ሲደገፉ፣ ለምሳሌ በአንድ ፈረቃ ስንት መኪና እንደሚስተናገድ ሲጻፍ፣ ሙያ ሆነው ይነበባሉ። በቤተ ክርስቲያን፣ በመስጊድ ወይም በኮሚኒቲ ማኅበር የተሰጠ የበጎ ፈቃድ አገልግሎትም እንዲሁ ቦታ ይገባዋል። በጨዋነት ያደገ ሰው ስለ ራሱ መናገር ይከብደዋል፤ ይሁንና የሠራውን በልኩ መግለጽ ጉራ አይደለም፣ ዝምታውንም ቀጣሪ እንደ ትሕትና አይቆጥርለትም።

አማርኛም ሊጠቀስ የሚገባ ችሎታ ነው። በዋሽንግተን ዲሲ በ2004 እ.ኤ.አ. የወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች በአማርኛም ጭምር እንዲያገለግሉ ያደርጋል፤ ስለዚህ በሆስፒታል፣ በትምህርት ቤትና በማኅበራዊ አገልግሎት ሁለቱን ቋንቋ የሚናገር ሠራተኛ ይፈለጋል።

ሊንክድኢን ላይ ሥርዓት ያለው ፎቶና የሚፈለገውን ሥራ የሚጠራ አጭር መግለጫ ያስፈልጋል። ለሪፈረንስ ዘመድ አይሆንም፤ የቀድሞ አለቃ፣ መምህር ወይም የበጎ ፈቃድ ኃላፊ አስቀድሞ ተጠይቆና ፈቅዶ ይሰጣል። ከቃለ መጠይቅ በኋላም ማግስቱ ሳያልፍ አጭር የምስጋና ኢሜይል መላክ የተለመደ ነው።