ተረቴን መልሱ፦ የጸሐፊና የአንባቢ አደራ



በአማርኛ ተረት የሚነግር ሰው ብቻውን አይናገርም። «ተረት ተረት» ሲል አድማጮቹ «የላም በረት» ብለው ይመልሱለታል። ሲጨርስ ደግሞ «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ይላል። ልጅ ሆነን ሁላችንም የምናስበው ዳቦውን ነበር። ይሁን እንጂ ክብደት ያለው «መልሱ» የሚለው ቃል ነው። የሚመለስ ነገር በውሰት ወይም በአደራ የተቀበሉት ነገር ነው። ታሪክም እንዲሁ ከሆነ፣ የሚጽፈውም የሚያነበውም ባለአደራ ነው ማለት ነው። በዚህ ዓመት መጽሔታችን ላይ ልናስተምረው የፈለግነው ይህንኑ ነው።

ታሪክ ለምን ያስፈልገናል?

ሰው በአንድ ዕድሜ የሚኖረው አንድ ኑሮ ነው። የሌላውን ኑሮ የሚቀምሰው በታሪክ ነው። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ከታተመ ወዲህ፣ ጎጃምን በዓይናቸው ያላዩ ብዙዎች ለበዛብህና ለሰብለ ወንጌል አዝነዋል። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ደግሞ ማንበብ የማይችሉትም አብረው አዘኑ። ለማያውቁት ሰው ማዘንን መማር ትልቅ ትምህርት ነው።

ታሪክ ሕግንም ይይዛል። በአካባቢያችን ያለው የቦረና ኦሮሞ የገዳ ሥርዓት ለዘመናት የኖረው በቃል ነው። ዩኔስኮ በ2016 (እ.ኤ.አ.) የገዳን ሥርዓት በዓለም የማይዳሰስ ቅርስነት ሲመዘግብ፣ ሕጉን፣ ታሪኩንና የዘመን አቆጣጠሩን ለአባላቱ የሚያስተምሩት የቃል ታሪክ ዐዋቂዎች መሆናቸውን ጠቅሷል። እነዚህ ሰዎች የሰሙትን ቢያዛቡ የሚዛባው ወሬ ብቻ ሳይሆን ሕዝብ የሚዳኝበት ሕግ ነው።

የከተማችን ግማሽ ታሪኮች

ሞያሌ ከናይሮቢም ከአዲስ አበባም ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ፣ ድንበር ለሁለት የከፈላት ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ በኬንያ ሞያሌ ግጭት ሲነሳ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ቤታቸውን ጥለው ወጡ፤ ብዙዎቹም ወደ ኢትዮጵያ ተሻገሩ። በመጋቢት 2010 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2018) ደግሞ በኢትዮጵያ ሞያሌ ወታደሮች ሲቪሎችን ከገደሉ በኋላ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ወደዚህኛው ወገን መጡ።

አምስት ዓመት ሳይሞላ ሁለቱም ወገን ሸሽቷል፤ ሁለቱም ወገን እንግዳ ተቀብሏል። ልጆቻችን ስለነዚያ ቀናት ድርሰት ሲጽፉ ግን ብዙዎቹ የሚያውቁት በየቤታቸው የሰሙትን አንዱን ሽሽት ብቻ ነው። የተጻፈው ሐሰት አይደለም፤ ግማሽ ነው። ያባረረውን እያስታወሰ ያስጠለለውን የረሳ ታሪክ ደግሞ ውሎ አድሮ ቂም ይሆናል።

የጸሐፊ ኃላፊነት

ስለዚህ ተማሪዎቻችን ብዕር ሲያነሱ ሦስት ነገር እንዲያስቡ እንጠይቃለን።

አንደኛ፣ ያዩትንና የሰሙትን ይለዩ። ያዩትን «አየሁ»፣ አያታቸው የነገሯቸውን «አያቴ እንደነገሩኝ» ብለው ይጻፉ።

ሁለተኛ፣ ድርጊቱን ለሠራው ሰው ይስጡ። አንድ ሰው የሠራውን «እነሱ» ብለው ለጎሳ ሁሉ አያሸክሙ። የሌላ ሰው ጉዳት ሲጽፉ ደግሞ ባለቤቱን ያስፈቅዱ፤ ካስፈለገም ስሙን ይለውጡ። በዚህ መጽሔት ውስጥ አንዳንድ ስሞች የተለወጡት ለዚህ ነው።

ሦስተኛ፣ የራሳቸውን ወገን ጥፋትም ለመጻፍ ይድፈሩ። ደፋር ጸሐፊ ሲባል በዓሉ ግርማ ይታወሰናል። የማስታወቂያ ሚኒስቴር ባለሥልጣን ነበር፤ በኤርትራ የተካሄደውን የቀይ ኮከብ ዘመቻ በቅርብ አይቶ «ኦሮማይ» የተባለውን ልብ ወለድ ጻፈ። መጽሐፉ በ1975 ዓ.ም. ወጥቶ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ተሰበሰበ፤ እሱም ከሥራው ተነሳ። በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ ወጥቶ አልተመለሰም። በዓሉ የጻፈው ስለ ጠላት ሥራ አልነበረም፤ እሱ ራሱ ያገለግለው ስለነበረው መንግሥት ሥራ ነበር። ከልጆቻችን እንዲህ ያለ መሥዋዕትነት አንጠይቅም፤ ፈጣሪም አያምጣባቸው። «የኛም ሰፈር ሰዎች በድለዋል» ብሎ አንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍ ግን ከሁላችንም ይጠበቃል።

የአንባቢ ኃላፊነት

«ኦሮማይ» ከገበያ ሲጠፋ ያኖሩት አንባቢዎች ናቸው። በስውር እየተዋዋሱ አነበቡት፤ እ.ኤ.አ. በ2025 በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ለዓለም እስኪቀርብ ድረስ ሳይረሳ ቆየ። ጥሩ ታሪክ በአንባቢ እጅ እንዲህ ይኖራል።

ክፉ ታሪክም የሚኖረው በአንባቢና በአድማጭ እጅ ነው። በኬንያ ከ2007 (እ.ኤ.አ.) ምርጫ በኋላ በተነሳው ሁከት 1,133 ሰዎች እንደሞቱ የዋኪ ኮሚሽን ዘግቧል። በዚያን ወቅት አንዳንድ ሬዲዮ ጣቢያዎችና በስልክ የሚላኩ አጫጭር መልእክቶች ጥላቻ አሰራጭተው ነበር። እነዚያን መልእክቶች ከስልክ ወደ ስልክ ያሻገሯቸው እንደ እኛ ያሉ ተራ ሰዎች ናቸው። ዛሬ በእያንዳንዳችን ኪስ ውስጥ ያለው ስልክ ከዚያን ጊዜው ይበልጥ ይፈጥናል።

አፋሮች ለዚህ መድኃኒት አላቸው። ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ቁጭ ብለው ዜና ይለዋወጣሉ፤ ይህን ሥርዓት «ዳጉ» ይሉታል። ሰሚው ዜናው ከየት እንደመጣ፣ ተናጋሪው በዓይኑ አይቶት ይሁን ወይም ሰምቶት እንደሆነ ይጠይቃል። ዜና አዛብቶ ያስተላለፈ ሰው በባህሉ ይጠየቃል። ሳያነቡ፣ ሳይጽፉ እንዲህ ያለ ጥንቃቄ የያዙ እረኞች ካሉ፣ ፊደል የቆጠርን እኛ ምን ሰበብ አለን?

ወላጆች ሆይ፣ ልጆቻችሁ ከእናንተ ቀድመው የሚያነቡት መጽሐፍ የለም። እራት ላይ ስለ ጎረቤት የምትናገሩት የመጀመሪያ መጽሐፋቸው ነው። ልጁ ሲያድግ ያንኑ ይመልሳል።

በቤትና በክፍል የሚሠራ

1. ከቤተሰባችሁ አንድ ትልቅ ሰው ከቤቱ የተሰደደበትን ቀን ጠይቁ። ቀጥላችሁ «ማን አስጠለለዎት?» በሉና ሁለቱንም መልስ ጻፉ።

2. የጻፋችሁትን ስለ እሱ ለጻፋችሁበት ሰው አንብቡለት። ፊቱን አይታችሁ ማንበብ የሚከብዳችሁ ዓረፍተ ነገር ካለ፣ እውነት ከሆነ በጥንቃቄ ጻፉት፤ ወሬ ከሆነ ሰርዙት።

3. በዚህ ሳምንት በስልክ ከደረሷችሁ መልእክቶች አንዱን መርጣችሁ ከየት እንደመጣ ከወላጆቻችሁ ጋር ተከታተሉ። ምንጩን ካላገኛችሁት እናንተ ዘንድ ይቁም።

መልሶቻችሁን ለአማርኛ መምህሮቻችሁ አስረክቡ። በሚቀጥለው ዓመት መጽሔት የሁለቱንም ሽሽቶች ታሪክ ጎን ለጎን ለማተም አስበናል።