ፕሬድኒሶሎን በድንገት አይቋረጥም! ለምን?



ደብረ ማርቆስ ላይ ደጋግሜ የምሰማው ጥያቄ አለ፦ «ዶክተር፣ አሁን ተሽሎኛል፤ ፕሬድኒሶሎኑን ልተወው?» ለአስም፣ ለመገጣጠሚያ ወይም ለቆዳ ሕመም ለሳምንታት ስትወስዱት ከቆያችሁ መልሴ «በአንዴ አትተዉት» ነው።

ምክንያቱን ላስረዳችሁ። ከሁለቱ ኩላሊቶቻችን በላይ አድሬናል የሚባሉ ትናንሽ ዕጢዎች አሉ። ኮርቲሶል የተባለውን ሆርሞን ያመርታሉ። የደም ግፊትና ስኳር እንዳይወርድ የሚያግዘን፣ ሕመም ሲመጣም የሚያቋቁመን እሱ ነው። የምርት ትእዛዙ ግን የሚመጣው አንጎል ሥር ካለችው ፒቱታሪ ዕጢ ነው። መልእክተኛው ኤሲቲኤች ይባላል፤ ከ39 አሚኖ አሲዶች የተሠራ ፔፕታይድ ሆርሞን ነው። አድሬናል ላይ ካለው ተቀባይ ጋር እንደ ቁልፍና ጓጉንቸር ሲገጥም ኮርቲሶል ይመረታል።

ፕሬድኒሶሎን የኮርቲሶል አምሳያ ነው። ስትወስዱት አንጎል «በቂ አለ» ብሎ መልእክቱን ይቀንሳል፤ ሥራ ያጣው አድሬናልም እየኮሰመነ ይሄዳል። ክኒኑ ድንገት ሲቆም ዕጢው ቶሎ አይነቃም፤ ለማገገም ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈጅበታል።

ካቋረጣችሁ በኋላ ከባድ ድካም፣ ማስመለስ፣ የሆድ ሕመም፣ ስትነሱ ማዞር ወይም ራስን መሳት ከመጣ ፈጥናችሁ ሆስፒታል ሂዱ። መድኃኒቱን ትወስዱ እንደነበርም ንገሯቸው፤ ሕይወት ያተርፋል።

ከአማኑኤል፣ ከሉማሜ፣ ከደጀን ለቀጠሮ የምትመጡ፣ ክኒኑ ከማለቁ በፊት ተዘጋጁ። መጠኑን ቀስ በቀስ የሚቀንስላችሁ ሐኪማችሁ ነው።

ይህን መድኃኒት ለሚወስድ ወዳጃችሁ ሼር አድርጉለት። መልካም ጤና!