ገዢ በሌለበት ጨዋታ ውል ማፍረስ

አራት ሰውና አንድ እሽግ ካርታ ካለ ብሪጅን ዱስ ላይ፣ ከኦሞ ዳር ዛፍ ሥር ተቀምጦም መጫወት ይቻላል። መብራት አይጠይቅ፣ ኔትወርክ አይጠይቅ። ገበጣ የለመደ ሰው ደግሞ መቁጠሩን አስቀድሞ ያውቅበታል። ልዩነቱ ገበጣ ላይ ጠጠሩ ሁሉ ለሁለቱም ተጫዋቾች በግልጽ መታየቱ ነው። ብሪጅ ላይ ከ52ቱ ካርታ መጀመሪያ የሚታያችሁ በእጃችሁ ያለው 13 ብቻ ነው፤ የቀረውን ከጨረታው ንግግርና ጠረጴዛ ላይ ከወደቀው እየለቀማችሁ ትደርሱበታላችሁ። ይህ ሥራ ከሁሉ የሚከብደው ለተከላካዩ ስለሆነ ዛሬ የማስረዳው እሱን ነው።

ጨዋታው ባጭሩ

ሰሜንና ደቡብ አጋር ናቸው፣ ምሥራቅና ምዕራብም እንዲሁ። በየዙሩ ሁሉም አንዳንድ ካርታ ይጥላል፤ የተጀመረው ዓይነት (ስፔድ፣ ኸርት፣ ዳይመንድ ወይም ክለብ) በእጁ ያለ ሰው ያንኑ መጣል ግዴታው ነው። ትልቁን የጣለ ዙሩን ይበላል፣ ቀጣዩንም እሱ ይጀምራል። ጠቅላላው 13 ዙር ነው። ከዚያ በፊት ስንት ዙር እንደሚበሉ ይጫረታሉ። ጨረታውን ካሸነፈው ወገን አንዱ ውሉን ይይዛል፤ ሌላው ወገን ይከላከላል። ከግራው የተቀመጠው ተከላካይ የመጀመሪያውን ካርታ ከጣለ በኋላ የውል ያዡ አጋር ካርታውን ጠረጴዛ ላይ ይዘረጋል።

ሃሮልድ ቫንደርቢልት የተባለ አሜሪካዊ ለዛሬው ኮንትራክት ብሪጅ መልኩን የሰጠው በ1925 እ.ኤ.አ. በመርከብ ሲጓዝ ነው። በእኛ አህጉር ስሙ ከጨዋታው ጋር አብሮ የሚነሳው ግብፃዊው የፊልም ተዋናይ ኦማር ሸሪፍ ነው፤ አገሩን ወክሎ እስከ መወዳደር ደርሷል።

ብዙ ጊዜ የሚመጣው ውል 3 ኖ ትረምፕ ነው። ውል ያዡ 9 ዙር መብላት አለበት፤ ተከላካዮቹ 5 ከበሉ ውሉ ፈረሰ። ኖ ትረምፕ ማለት ሌላውን የሚገዛ ዓይነት የለም ማለት ነው። ስለዚህ የኸርት 3 እንኳ ሌሎቹ ኸርት ከጨረሱ በኋላ ከተጀመረች ዙሩን ትበላለች፤ የስፔድ አስ ቢጣልባትም አይበላትም። የመከላከሉ ሐሳብ በሙሉ የሚነሳው ከዚህ ነው፦ ብዙ ካርታ ያላችሁበትን ዓይነት ውል ያዡ ዘጠኙን ሳይሞላ ማድረስ።

የመጀመሪያው ካርታ

እንደ ኪንግ፣ ኩዊን፣ ጃክ የተከታተሉ ትልልቆች ካሏችሁ ከላይኛው ጀምሩ። ካልተከታተሉ ግን ከረጅሙ ዓይነት ከላይ አራተኛውን ጣሉ። ኪንግ፣ ጃክ፣ 9፣ 7፣ 2 ካለ የሚጣለው 7 ነው።

ይህ ግን ለሁሉም እጅ አይሆንም። አስ 4፣ ኪንግ 3፣ ኩዊን 2፣ ጃክ 1 ነጥብ ተብሎ ሲቆጠር ጠቅላላው 40 ነው። 3 ኖ ትረምፕ የሚጠሩ ሰዎች ብዙ ጊዜ በመካከላቸው 25 ያህል ስለሚይዙ ለእናንተ ለሁለታችሁ 15 ገደማ ይቀራል። በእጃችሁ 3 ብቻ ካለ አጋራችሁ 12 ያህል ይዟል ማለት ነው። እንዲህ ሲሆን የራሳችሁን ረጅም ዓይነት መግፋት ትርፍ የለውም፤ ሌሎቹ ከዚያ ዓይነት ቢጨርሱም እሱን ለመጣል ተራ የምታገኙበት ካርታ የላችሁም። አጋራችሁ በጨረታው የጠራውን ዓይነት ጣሉ። ካልጠራም ተጋጣሚዎቹ ያልጠሩትን ፈልጉ። እኔ ጀማሪዎችን ከሁሉ አስቀድሜ የማስተምረው ይህን ነው፤ የራስን ረጅም ዓይነት ብቻ አይቶ አጋርን መርሳት ብዙ ውል ያስመልጣል።

አስራ አንድን መቀነስ

አጋራችሁ ከላይ አራተኛውን ከጣለ ቁጥሩን ከ11 ቀንሱ። የሚቀረው ከዚያ ካርታ የሚበልጡ ስንት ካርታዎች በሌሎቹ ሦስት እጆች እንዳሉ ይነግራችኋል። ይህን ስሌት ሮበርት ፎስተር በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ያወጣው ሲሆን እስካሁን በየጠረጴዛው ይሠራል።

ምሥራቅ ናችሁ እንበል። ምዕራብ የስፔድ 7 ጣለ። የተዘረጋው እጅ ኩዊን፣ 8፣ 3 አለው፤ እናንተ አስ፣ 10፣ 4 አላችሁ። ከተዘረጋው እጅ 3 ተጣለ። ሦስተኛ ተራ ያለው ትልቁን ይጥላል የሚለውን ልማድ የተከተለ አስ ይጥላል። ቆም ብላችሁ ቁጠሩ። ከ11 ላይ 7 ሲቀነስ 4 ነው። ሁለቱ ኩዊንና 8 ናቸው፣ ሁለቱ የእናንተ አስና 10። አራቱም ተገኙ፤ ውል ያዡ ከ7 የሚበልጥ ስፔድ የለውም። ስለዚህ 10 ይበቃል።

በ10 በላችሁ፣ ቀጥሎ አስ፣ ከተዘረጋው እጅ 8 ወደቀ። ከዚያ 4 ስትጥሉ ምዕራብ በኪንግ ይበላል፣ ብቻዋን የቀረችው ኩዊን ሥሩ ትወድቃለች። ጃክና 9 ተከተሉ፤ አምስት ዙር ሆነ፣ ውሉ ፈረሰ። በአስ ጀምራችሁ ቢሆን ግን 10 ብትመልሱም 4 ብትመልሱም ያቺ ኩዊን አንድ ዙር ትበላለች፤ ተራውን ያገኘው ውል ያዥም የራሱን ዙሮች መልቀም ይጀምራል።

ለአጋር መንገር

ብዙዎች ትንሽ ካርታ መጣል ሲበቃቸው ከፍ ያለ በመጣል «ይህን ዓይነት ቀጥልበት» ይላሉ፤ ትንሹን ከጣሉ «ሌላ ሞክር» ማለት ነው። የምልክቱን ትርጉም አስቀድማችሁ ተስማሙ፤ ተጋጣሚ ሲጠይቅ ደግሞ ሳትደብቁ ንገሩ። በፊት፣ በሳል ወይም ካርታ አዘግይቶ በመጣል መነጋገር ማጭበርበር ነው።

የመግቢያ ካርታ

ምዕራብ በኸርት ኩዊን፣ ጃክ፣ 10፣ 7፣ 3 እና የክለብ አስ ይዟል። አጋሩ ምሥራቅ ሁለት ኸርትና የዳይመንድ አስ አለው። ውል ያዡ የኸርት አስ፣ ኪንግና 4 አለው፤ የተዘረጋው እጅ ደግሞ 9፣ 6፣ 2። ምዕራብ ኩዊኗን ጣለ፣ ውል ያዡ በኪንግ በላና ዳይመንድ ጀመረ።

ምሥራቅ ምን ያድርግ? አሱን ይዞ መጠበቅ ብልህነት ሊመስል ይችላል። እዚህ ግን ወዲያውኑ በአስ በልቶ ኸርት መመለስ አለበት፤ ውል ያዡ የኸርት አሱን መያዝ ቢችልም ውሎ አድሮ ማውጣቱ አይቀርም። ሁለቱ ትልልቅ ከወጡ የምዕራብ ሦስት ኸርቶች ዙር የሚበሉ ሆኑ፣ የሚገባበት የክለብ አስም ገና በእጁ ነው። ሦስት ኸርትና ሁለት አስ፣ አምስት ዙር። ምሥራቅ ቢዘገይ ውል ያዡ ወደ ክለብ ዞሮ የምዕራብን አስ ያስወጣል፤ ምዕራብ ያኔ ኸርት ቢመልስም በኋላ የሚገባበት አያገኝም፣ ምሥራቅም ዘግይቶ በዳይመንድ አስ ቢበላ የሚመልሰው ኸርት አልቆበታል።

የለመደ ውል ያዥ ይህን ስለሚያውቅ ከዳይመንድ በፊት ክለብን ይጀምራል። ምዕራብ በዚያን ጊዜ ለመወሰን የተዘረጋውን እጅ አይቶ ውል ያዡ ዳይመንድ ሳይነካ ስንት ዙር እንዳለው መቁጠር አለበት፤ ዘጠኝ የማይሞላ ከሆነ የክለብ አሱን ለአንድ ዙር ማቆየት ይችላል።