«ተመስገን» ስንት ነጥብ ነው?

ወጣት ሳለሁ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ፣ የእንጦጦ ዳገት ላይ፣ ቤት ለቤት እየዞርኩ መጠይቅ አስሞላ ነበር። አንዲት እናት የባሕር ዛፍ ሸክማቸውን ግድግዳ አስደግፈው፣ ላባቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ ተቀበሉኝ። «በሰፈርዎ የውሃ አቅርቦት ምን ያህል ረክተዋል?» ብዬ አምስቱን ምርጫዎች አነበብኩላቸው። «ተመስገን ነው፣ ልጄ» አሉ። 4ን፣ ማለትም «ረክቻለሁ»ን፣ አከበብኩ። በሩ ሥር ባዶ ጀሪካኖች ተደርድረው ነበር።

የዛሬው ትምህርታችን ከዚያች 4 ይነሣል።

እንዲህ ላለው ባለ አምስት ምርጫ ጥያቄ አብነት የሆነውን፣ ከ«በጣም አልስማማም» እስከ «በጣም እስማማለሁ» የሚዘልቀውን መለኪያ እ.ኤ.አ. በ1932 ያስተዋወቀው አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሬንሲስ ሊከርት ነው። ሐሳቡ በአንድ ጉዳይ ላይ ብዙ ዓረፍተ ነገሮች አቅርቦ የመልሶቹን ድምር መውሰድ ነበር። እኛ ዘንድ ግን አንዲት ጥያቄ ብቻዋን ተነጥላ «የኅብረተሰቡ የእርካታ ደረጃ» ተብላ ሪፖርት ላይ ትወጣለች።

አሁን ቁጥሩ ራሱ ምን ዓይነት ቁጥር እንደሆነ እንይ። ከመገናኛ ወደ ካራ በታክሲ የሚሄድ ሰው መጀመሪያ ላምበረት፣ ኋላ ካራ እንደሚደርስ ያውቃል። ይህን ስላወቀ ግን ሁለቱ መንገዶች እኩል ይረዝማሉ አይልም። 1፣ 2፣ 3፣ 4፣ 5ም ተራቸውን እንጂ ርቀታቸውን አይነግሩንም። ከ«አልረካሁም» ወደ «መካከለኛ» ለመሻገር ዓመት የሚፈጅበት ሰው፣ ከ«ረክቻለሁ» ወደ «በጣም ረክቻለሁ» በአንድ ስኒ ቡና ሊያልፍ ይችላል።

ለመልመጃ ያህል ሃያ ቤቶች እንውሰድ፤ ዐሥሩ ዳገቱ ላይ፣ ዐሥሩ ከታች። ግፊቱ ደክሞ ውሃ የማይወጣላቸው የላዮቹ በሙሉ 1፣ የታቾቹ በሙሉ 5 ቢሉ ድምሩ 60፣ አማካዩ 3 ይሆናል። «ነዋሪው መካከለኛ እርካታ አለው» ብለን ልንጽፍ ነው፤ 3 ያለ ግን አንድም ሰው የለም! ሚድያን፣ ማለትም መልሶቹን በተራ ደርድሮ መሐል ያለውን መውሰድ፣ ብዙ ጊዜ ከዚህ ስሕተት ያድናል። እዚህ ግን መሐል ላይ የሚውሉት ሁለቱ መልሶች 1 እና 5 ስለሆኑና የሁለቱ አማካይ ስለሚወሰድ እሱም 3 ነው። ስለዚህ አስቀድማችሁ ስንት ሰው 1፣ ስንት ሰው 2 እንዳለ ቁጠሩ፤ ከዚያ ላይኛውንና ታችኛውን ሰፈር ለዩ። አማካይ ይቅር አልልም፤ የብዙ ጥያቄዎች ድምር ሲሆን ጥሩ ያገለግላል። ቆጠራውን ቀድሞ ሲመጣ ነው የማልወደው።

ከቁጥሮቹ ሁሉ የምታስቸግረው 3 ናት። መሐል የቆመ፣ የማያውቅና መናገር ያልፈለገ ሰው ሦስቱም እሷ ላይ ይሰፍራሉ። «አላውቅም» የራሱ ሳጥን ይኑረው።

አሉታዊ ዓረፍተ ነገርም ጥንቃቄ ይሻል። «ውሃ በጊዜው አይመጣም» ብላችሁ ጠይቃችሁ ከሆነ፣ ከሌሎቹ ጋር ከመደመራችሁ በፊት መልሱን ከ6 ቀንሱ፤ 5 የነበረው 1፣ 2 የነበረው 4 ይሆናል። በአማርኛ ደግሞ ለእንዲህ ያለ ጥያቄ «አዎ» የሚል ሰው «አዎ፣ አይመጣም» ማለቱ ነው። ችኩል መረጃ ሰብሳቢ ቃሉን ሰምቶ ውሃው ይመጣል ብሎ እንዳይሞላ።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ግን መልሱ ለማን እንደተሰጠ ማወቅ ነው። በአፍሪካ አገሮች የሕዝብ አስተያየት የሚያጠናው ድርጅት አፍሮባሮሜትር እ.ኤ.አ. በ2013 በኢትዮጵያ የመጀመሪያውን ጥናት ሲያደርግ፣ መላሾች ለአገራቸው ዴሞክራሲ እጅግ ከፍ ያለ ደረጃ ሰጡ። ተመራማሪዎቹ ሮበርት ማተስና ሙሉ ተካ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጡት ጽሑፍ ቁጥሩን እንዳለ አልዋጡትም፤ ፍርሃት ነው? አለማወቅ ነው? ወይስ ሕዝቡ ዴሞክራሲን የሚረዳበት የራሱ መንገድ አለው? ብለው ጠየቁ። በድርጅቱ መጠይቅ መጨረሻ ላይ «ይህን ቃለ መጠይቅ እንድናደርግ ማን የላከን ይመስልዎታል?» የሚል ጥያቄ አለ። እኔ ከሁሉ አስበልጬ የምወደው እሱን ነው፤ «መንግሥት» ያሉትን ካላሉት ለይቶ መልሳቸውን ማነጻጸር ያስችላል።

የእኔ መጠይቅ ይህ ጥያቄ አልነበረውም። ወረቀቴን አጥፌ ስነሣ እናትየው እስከ በር ሸኙኝ። «ለአለቆችህ ተመስገን ብላለች በልልኝ፤ ያችኑ እንዳይቆርጡብን» አሉኝ።